ሐረጎ ላይ ስለወደቀችው ሴይቼንቶ መካኒክ ሸረፈዲን እንድሪስ የሰጠው ቃል

የምስክር ቃል

ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ኮምቦልቻ፣ የትራፊክ አደጋ ምርመራ
ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ ኅዳር 27 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ጀምሮ
የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ሸረፈዲን እንድሪስ የሱፍ
ዕድሜ፦ 49
አድራሻ፦ ደሴ ከተማ፣ ቧንቧ ውሃ
ሥራ፦ የመኪና ጥገና
የትምህርት ደረጃ፦ ማንበብና መጻፍ
የቤተሰብ ሁኔታ፦ ያገባ፣ የአምስት ልጆች አባት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ወልደ ሚካኤል ተሰማ

ከላይ ስሜና አድራሻዬ የተጻፈው እኔ ምስክሩ፣ ረቡዕ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ሐረጎ በሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ስለተገለበጠችው መኪና እና በአደጋው ሕይወቷ ስላለፈው ስለ ወይዘሮ ሥርጉት አበጋዝ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ በቁርአን ምዬ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

መኪናዋ ሴይቼንቶ የምትባለው፣ ቀለሟ የወተት፣ ባለ ሁለት በር፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ትንሽ የቤት መኪና ናት። ባለንብረቱ የሟች ባለቤት አቶ ፈንታሁን ይመር ሲሆን፣ ሥራው የሒሳብ አስተማሪ ነበር። መኪናዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት በ1964 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነው። አቶ ፈንታሁን ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን ደሴ ላይ ገዝቷት፣ ለሙከራ እስከ ኮምቦልቻ ወርዶ ሲመለስ በቀጥታ ወደ እኔ ጋራዥ አመጣት።  እስከዚያ ቀን አንተዋወቅም። «ወንድሜ፣ ይቺ ሐረጎ ላይ ልትፈጀኝ ነበር። ኩርባ ላይ ስጠመዝዛት ፊቷ እንቢ ይላል፤ ፍሬን ስረግጥ ደግሞ ኋላዋ ሊቀድመኝ ይመጣል» አለኝ። እኔም ሥራውን የተማርኩት ኮምቦልቻ ከጣሊያኖች ጋራዥ ስለሆነ የመኪናዋን ጠባይ አውቅ ነበርና «ጥፋት የለባትም። ሸክሟ ሁሉ ኋላ ነው፤ ፊቷ ቀላል ነው። ትስተካከላለች፣ አንተም ትለምዳታለህ» ብዬ መለስኩለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ የመኪናዋን አያያዝ ስናሻሽል ኖርን። ስለዚህ ሥራ በዝርዝር እንድናገር ስለተጠየቅሁ እናገራለሁ። መጀመሪያ የፊቱን ባሌስትራ አወረድኩት። ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ በአግድም የተጋደመ አንድ ባሌስትራ ነው ያላት። ደክሞ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ስለነበር ብረቶቹን ለያይቼ፣ ቦሩ ሜዳ መንገድ ላይ ከሚሠራ ብረት ቀጥቃጭ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ልክ ስናወጣለት ዋልን። ስመልሰው ፊቷ በሁለት ጣት ዝቅ አለ። ቀጥሎ የጎማዎቹን አቅጣጫ አስተካከልኩ። መለኪያ መሣሪያ ስላልነበረኝ የጋራዡ ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ክር ወጥሬ፣ የፊቶቹ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ወደ ውስጥ እንዲያዩ አደረግሁ። የመኪናዋን ንጠት የሚይዙትን አራቱንም አሞርዛተር በነጂዎች እጅ ከአስመራ አስመጥተን ቀየርናቸው። የፊት ጎማዎቿ ከኋላዎቹ ያነሰ አየር መያዝ አለባቸው። ጎሚስታዎች ግን አራቱንም እኩል እየሞሉ ስላስቸገሩን አቶ ፈንታሁን የራሱን የአየር መለኪያ ገዛ፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ይለካ ነበር። በመጨረሻ ከፊት ክዳኗ ሥር፣ ከመለዋወጫ ጎማው ጎን፣ ሃያ አምስት ኪሎ አሸዋ በጆንያ ሰፍተን አስተኛንበት። ያን ጊዜ ፊቷ መሬት መያዝ ጀመረ።

አንድ ነገር በለወጥን ቁጥር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐረጎን እንወርድና እንመለስ ነበር። እሱ ይነዳል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ከወለሉ የሚመጣውን ድምፅ አዳምጣለሁ። ወይዘሮ ሥርጉት ከኋላ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ገና የተጋቡ ነበሩ፤ እምነታቸው ወንጌላዊ ነው። ኩርባ ላይ ስንደርስ እሷ ከኋላ «ጌታ ሆይ!» ስትል፣ እኔ ከፊት «ያ ረቢ!» ስል፣ ፈንታሁን እየሳቀ «በሁለት በኩል እየተጸለየልኝ አልገለበጥም!» ይል ነበር። ለሁለቱም የነገርኳቸው አንድ ነገር ነው። ከኩርባው በፊት ቀንሱ፣ ኩርባው ውስጥ ከገባችሁ ፍሬን አትንኩ፣ ነዳጁንም በአንድ ጊዜ አትልቀቁ አልኳቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ከመንገድ አልወጣችም። እኔ ብዙ ትላልቅ መኪና ሠርቻለሁ፤ እንደዚህች መኪና ግን ልቤን የሰጠሁት የለም። ወንድም የለኝም፤ ፈንታሁንን ያገኘሁት በእሷ ምክንያት ነው።

በ1974 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር አቶ ፈንታሁን በሚጸልዩበት ቤት ሳለ ከሌሎች ጋር ተያዘ። እስከ ዛሬ ደሴ ታስሮ ይገኛል። ስለ እስሩ ምክንያት እንድናገር አልተጠየቅሁም፤ የማውቀውም የለም። በሦስተኛው ሳምንት ልጠይቀው ስሄድ «ሸረፈዲን፣ ሥርጉት አደራህን። መኪናዋንም አደራ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የምትመላለሰው በእሷ ነው፤ ያለ መኪና የሌሊት ተራ አትችልም» አለኝ። እኔም «አብሽር፣ እኔ እያለሁ ሁለቱም አይጎድሉብህም» አልኩት። ይህን የተናገርኩት በገዛ አፌ ነው።

ወይዘሮ ሥርጉት በሆስፒታሉ ነርስ ነበረች። መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከባሏ የተሻለች ነጂ ነበረች፤ አትቸኩልም፣ መኪናዋ የምትላትን ትሰማለች። እኔም በየአሥራ አምስት ቀኑ መኪናዋን እፈትሻለሁ። ነገር ግን ከ1975 ዓ.ም. ወዲህ መለዋወጫ የሚባል ነገር ጠፋ። ከአስመራ የሚመጡት ነጂዎችም መንገዱ ስለከበደ ይዘው የሚመጡት ነገር አልነበረም። ጎማ ሲያልቅ ሌላ መኪና ላይ የሠራ ጎማ ፈልጌ አደረግሁላት። የአሞርዛተሮቹ ዘይት ሲፈስ ፈትቼ ባገኘሁት ዘይት ሞላሁ። በየጊዜው አንድ ነገር ይጎድላል፤ እኔም ያንን በሌላ ነገር አታልለዋለሁ። እንዲህ እያደረግሁ ሁለት ዓመት ተኩል አቆየኋት።

በዚህ ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ሥርጉት መጥታ «ጋሽ ሸረፈዲን፣ የቀኝ ፊቷ ይርገበገባል፤ መሪው እጄ ላይ ይዘላል» አለችኝ። በክሪክ አንስቼ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቀው ተንቃቃ። የፊት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር የሚሽከረከርበት ቁም ፒን አለ። እሱና የነሐስ ቀለበቱ አልቀዋል። አዲስ ፒን ደሴም ኮምቦልቻም ፈለግሁ፣ አጣሁ። የነሐስ ቀለበቱን ከአሮጌ የውሃ ፓምፕ አካል ቆርጬ ሠራሁት። ፒኑን ደግሞ ያለቀበትን በብየዳ ሞልቼ ቶርኖ ቤት አስላጨሁት። ገጥሜ ስሞክረው መርገብገቡ ቆመ፤ መሪዋም እንደ ድሮው ሆነ። ይሁን እንጂ በብየዳ የተሞላ ብረት ይደርቃል። ድንገት ሲመታ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ይህን ስለማውቅ ለወይዘሮ ሥርጉት «ቦሩ ሜዳ ድረስ፣ በዝግታ፣ ከሠላሳ ሳታልፊ። ሐረጎን ግን እንዳታስቢው፤ እውነተኛው ፒን እስኪገኝ» አልኳት። «ሐረጎ ምን አለኝ ብለው ነው» አለችኝ።

ረቡዕ ኅዳር 12 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ ሥርጉት መኪናዋን ይዛ ጋራዡ ድረስ መጣች። አብረዋት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በከተማው ውስጥ ለተራቡት እርዳታ ከሚያስተባብር ኮሚቴ የመጓጓዣ ኃላፊ የሆነው ጓድ ሞላልኝ ነው። ሁለተኛው የዚያው ኮሚቴ ሹፌር፣ ማረው የሚባል፣ ዕድሜው ሠላሳ አምስት የሚሆን ሰው ነው። ጓድ ሞላልኝ እንዳስረዳኝ፣ ኮምቦልቻ በተራቡት መጠለያ ተቅማጥና ትውከት ገብቷል። የኮሚቴው ላንድሮቨሮች ሁሉ ወደ ሰሜን ሄደዋል። ስምንት ካርቶን ግሉኮስና አንድ ነርስ ዛሬውኑ መድረስ አለባቸው። «ወይዘሮዋ መኪና እንዳላት ነግራናለች። አንተ ለጉዞ ብቁ ነው ብለህ ፈርም፤ ያለ መካኒክ ፊርማ ነዳጅ አይሰጠኝም» አለኝ።

እኔም «ጓድ ሞላልኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይቺ መኪና ሐረጎን አትወርድም። የቀኝ ፊቷ ፒን በብየዳ የተጠገነ ነው» አልኩት።

«አሁን ከደሴ መሀል እዚህ ድረስ እንዴት መጣች?» አለኝ።

«ለጥ ባለ መንገድ ነዋ የመጣችው። ሐረጎ ሌላ ነው።»

«ከትናንት ጀምሮ ስድስት ባለመኪና ጠይቄያለሁ። ስድስቱም መኪናዬ አይችልም አሉኝ። አንተ ሰባተኛው ነህ። ይህ በሌላ ጊዜ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ አሻጥር ነው።»

ሲናገር አልጮኸም። ፊቱ ያበጠና ዓይኑ የቀላ ነበር፤ የተኛ ሰው አይመስልም። እኔ ግን አሻጥር የሚለውን ቃል ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ቤቴን ነው። አምስት ልጆች አሉኝ።

ወይዘሮ ሥርጉት ወደ ጎን ሳበችኝና «ጋሽ ሸረፈዲን፣ ትናንት ብቻ አሥራ ዘጠኝ ልጅ ቀበሩ። ጠርሙስ ቢኖር የሚድኑ ናቸው። በሽታውን አውቀዋለሁ፤ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ቀስ ብለን እንወርዳለን» አለችኝ። እኔም «እሺ፣ አንቺ ንጂያት። ጠባይዋን ታውቂያለሽ» አልኳት። ይህንን ለጓድ ሞላልኝ ስነግረው የነዳጁ ፈቃድ በማረው ስም ስለሆነና በኬላ የሚታየውም የማረው ወረቀት ስለሆነ አይቻልም አለ። «እንግዲያው እኔ ልንዳት፤ ጥፋቱም የእኔ ይሁን» አልኩ። ይህንንም በዚያው ምክንያት አልተቀበለውም።

ከዚያ የጭነቱ ነገር ተነሣ። ካርቶኖቹን ከኋላ ወንበር ላይ ደረደሩ። እኔ ኋላዋ እንደሚከብድ አስረድቼ ግማሹን ከፊት ክዳኑ ሥር እንድናደርግ ጠየቅሁ። ጓድ ሞላልኝ ክዳኑን ሲያስከፍት የአሸዋውን ጆንያ አየ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ነገርኩት። «ሕዝብ እየሞተ አሸዋ ጭነን ነው የምንሄደው?» ብሎ እንዲወርድ አዘዘ። ካርቶን ስንሞክር ከመለዋወጫው ጎማ ጋር አልበቃ ብሎ ክዳኑ አልዘጋ አለ። በገመድ እንሰረው ብል ጠርሙስ ነው፣ ይሰበራል ተባለ። ስለዚህ ፊቷ ባዶ ሆኖ ቀረ። ጆንያውን ከመኪናዋ ያወረድኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረውን ማንም አልጠየቀኝም፤ ነገር ግን ምያለሁና አልደብቀውም። ዘይቷን ልይ ብዬ የኋላውን ክዳን ከፈትኩ። ለሻማዎቹ ኤሌክትሪክ የምታከፋፍል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ አለች። እሷ ከሌለች ሞተሩ አይነሣም። ነቅዬ መዳፌ ውስጥ ጨበጥኳት። ሐሳቤ ተበላሽታለች ብዬ መኪናዋን ለማስቀረት ነበር። ማንም መካኒክ ከእኔ ሌላ ስላልነበረ አያገኙባትም ነበር። ቀና ስል ወይዘሮ ሥርጉት አጠገቤ ቆማለች። እጄን አየችው። ይህችን መኪና ታውቃታለች፤ ምን እንደያዝኩም ገብቷታል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይመልሱት» አለችኝ። እኔም መዳፌን አልከፈትኩም። «ጋሽ ሸረፈዲን፣ ልጆቹ የሰው ልጆች ናቸው። ይመልሱት» አለችኝ። መለስኩት። ክዳኑን ዘጋሁ። ከዚያ ሄጄ ጓድ ሞላልኝ በያዘው ወረቀት ላይ መኪናዋ ለጉዞ ብቁ ናት ብዬ ፈረምኩ። ብቁ እንዳልነበረች አውቅ ነበር።

ለሹፌሩ ለማረው አያያዟን ነገርኩት። ከኩርባው በፊት እንዲቀንስ፣ በሁለተኛ ማርሽ እንዲወርድ፣ ኩርባ ውስጥ ፍሬን እንዳይነካ፣ መሪው እጁ ላይ ከዘለለ ወዲያው እንዲያቆም አስጠነቀቅሁት። እሱም በትሕትና «እሺ ወንድም ጋሼ፣ ሰምቻለሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ እህል ጫኝ ላይ ነኝ፤ ትንሽ መኪና ነድቼ አላውቅም እንጂ መንገዱን አውቀዋለሁ» አለኝ። ደህና ሰው ነው። ለፖሊስ በሰጠው ቃል የተናገረውን ባላይም በእሱ ላይ የምመሰክረው ክፋት የለኝም።

3 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሡ። ወይዘሮ ሥርጉት ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣ አንዱን ካርቶን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር። ሲሄዱ መኪናዋን ከኋላ አየኋት። ኋላዋ ወደ መሬት ወርዶ ፊቷ ወደ ላይ ቀና ብሏል። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ወደ ጋራዡ ተመልሼ አንድ የጭነት መኪና ፍሬን ፈትቼ ነበርና ልቀጥል ብዬ ተቀመጥኩ፤ አንድ ብሎን እንኳ አልነካሁም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ወደ መንገድ ወጣሁ። እህል ሊጭን ባዶውን ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሀምዱ ሰዒድ የሚባል የጭነት መኪና ነጂ አገኘሁና ለመንኩት፤ ጫነኝ። 

ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። አስፋልቱ ረጥቧል። በመንገዱ ዳርና ዳር ከገጠር የመጡ የተራቡ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ፤ አንዳንዶቹ ደክሟቸው አስፋልቱ ላይ ተቀምጠዋል። 4 ሰዓት ከ20 ሲሆን ከአንድ ኩርባ ላይ ሰዎች ተሰብስበው አየን። ሀምዱ ሳያቆም ዘልዬ ወረድኩ። መኪናዋ ከመንገዱ በታች አሥራ አምስት ሜትር ያህል ወርዳ፣ ባሕር ዛፍ ላይ በጀርባዋ ተደግፋ ነበር። ማረው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተሰበረ ክንዱን ይዟል። ሲያየኝ «ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ከጉሙ ስወጣ እናትና ልጅ መሀል መንገድ ላይ ተቀምጠዋል። ፍሬን ያዝኩ፤ ኋላዋ ዞረ። ከዚያ መሪው እጄ ላይ ባዶ ሆነብኝ» አለኝ። እናቲቱና ልጁ ሳይነኩ እዚያው ዳር ላይ ቆመው ነበር። ልጁ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው።

ወይዘሮ ሥርጉትን አውጥተው ሣር ላይ አስተኝተዋታል። ነፍሷ ገና አልወጣችም ነበር። ደም አይታይባትም፤ ፊቷ ግን ነጭ ነበር። አጠገቧ ተንበረከክሁ። «እግሬ አይሰማኝም። ሆዴ ውስጥ እየደማሁ ነው» አለችኝ፣ ስለ ሌላ በሽተኛ እንደምትናገር ሁሉ። ቀጥላም «ጠርሙሶቹ?» አለችኝ። ሳላይ «ደህና ናቸው» አልኳት። «ይቁጠሯቸው» አለችኝ። ወርጄ ከሰዎቹ ጋር ቆጠርኩ። ከዘጠና ስድስቱ አርባ አንዱ ደህና ነበሩ። ተመልሼ ነገርኳት። «ይበቃል» አለች። ለስንት እንደሚበቃ አላወቅሁም። እሷንና ማረውን ጠርሙሶቹንም ሀምዱ መኪና ላይ ጫንን። እኔ ከኋላ መጫኛው ላይ ተቀምጬ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወረድን። ስለ መኪናዋም ስለ እኔም አንድ ቃል አልተናገረችም። ትናደድብኛለች ወይም ትምረኛለች ብዬ እየጠበቅሁ አፏን እመለከት ነበር።  ከሐረጎ ጨርሰን ወደ ሜዳው ስንገባ እጇ ቀዘቀዘ። 5 ሰዓት ከሩብ ይሆን ነበር። የማውቀውን ሸሀዳ ልል አፌን ከፍቼ የእሷ እምነት አይደለም ብዬ ተውኩት፤ የእነሱን ጸሎት ደግሞ አላውቀውም። እንደያዝኳት ኮምቦልቻ ገባን።

አርባ አንዱን ጠርሙስ መጠለያው በር ላይ ለሚሠራ ድሬሰር አስረከብን። ማታ ተመልሼ ስጠይቀው ሁሉም ማለቁን ነገረኝ። ስንቱ ልጅ እንደዳነ ጠየቅሁት። «ለመቁጠር ጊዜ የለኝም» አለኝ። እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ኅዳር 14 ቀን መኪናዋ ተጎትታ ወደዚህ ግቢ ከገባች በኋላ በፖሊስ ፊት እንድፈትሻት ታዝዤ ፈትሻለሁ። የቀኝ ፊቷ ፒን ከተበየደበት ላይ ለሁለት ተሰብሯል። የስብራቱ ፊት ሲሶው ጠቁሯል፤ የቀረው ነጭና አዲስ ነው። ይህ ማለት ከአደጋው በፊት ስንጥቅ ነበረበት ማለት ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ፒኑ ተሰብሮ መኪናዋ ስለዞረች ነው የወደቀችው ወይስ ኋላዋ ከብዶ በፍሬኑ ምክንያት ስለዞረች ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ነው ፒኑ የተሰበረው ተብዬ ስጠየቅ፣ አላውቅም ብዬ መልሻለሁ። አስፋልቱ ላይ የጎማ ምልክት ቢኖር ይታወቅ ነበር። ልፈልግ በማግስቱ ስሄድ የእህል መኪኖች ሲመላለሱበት አድረው ምንም አልቀረም። አዳምጬ ብቻ የየትኛው ጎማዋ ብሎን እንደላላ የማውቅ ሰው ነበርኩ። ይህን አንድ ነገር ግን አላውቅም፤ ከእንግዲህም አላውቀውም። ቀን ቤቴ ተቀምጬም፣ ሰው ሲያነጋግረኝም፣ አንዴ ፒኑ ነው እላለሁ፣ አንዴ ጭነቱ ነው እላለሁ። ፒኑ ከሆነ እጄ ነው። ጭነቱ ከሆነም ጆንያውን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱንም የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ጓድ ሞላልኝ በጻፈው ደብዳቤ መካኒኩ ሆን ብሎ የተበላሸ መኪና ሰጥቷል ማለቱ ተነቦልኛል። ሆን ብዬ አላደረግሁም። ብቁ አይደለችም ብዬ መናገሬን ማረው ሰምቷል። ቢሆንም ጓድ ሞላልኝ የሚላከው መኪና እንዳልነበረው እውነት ነው፤ በመጠለያው ልጆች መሞታቸውም እውነት ነው። እምቢ ብዬ ብቀር ማን ይሞት እንደነበር አላውቅም። ሕግ የሚለውን እቀበላለሁ። ጋራዡን ዘግቻለሁ። የሰው መኪና ለመንካት ከእንግዲህ ድፍረቱ የለኝም።

ሌላ የምጨምረው እንዳለ በሃምሳ አለቃው ተጠይቄ የሚከተለውን ጨምሬያለሁ። ወይዘሮ ሥርጉት ለባለቤቷ በየእሑዱ ስንቅ ታደርስ ነበር። ልጅም ዘመድም ደሴ ስለሌላቸው ኅዳር 16 ቀን፣ እሑድ፣ ባለቤቴ ዘሀራ ምግቡን አዘጋጅታ እኔ ወሰድኩለት። አቶ ፈንታሁን በአጥሩ ማዶ ቆሞ «ሥርጉትስ?» አለኝ። በመካከላችን ሁለት ሜትር አለ፤ ጠባቂ አጠገባችን ቆሟል፤ የተፈቀደልን አሥር ደቂቃ ነው። መርዶ እንደዚያ አይነገርም። ሰው መርዶ ሲረዳ የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል። «ለዘመቻ ባቲ ተልካለች» አልኩት። ደስ አለው። «እሷ እኮ እንደዚህ ናት፤ ታውቃታለህ» አለኝ። ኅዳር 23 ቀንም እንዲሁ ሄድኩ። ከስታ እንደሆነ፣ ጉንፋኗ ለቋት እንደሆነ ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። ስወጣ ጠባቂው ያየውና ያሳለፈው የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። «ወደ ባቲ የሚሄድ ሰው ካገኘህ ላክላት» አለኝ። ወረቀቱ አሁን በኪሴ ይገኛል። አላነበብኩትም። ሃምሳ አለቃው ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ጠይቆኝ፣ የእኔ ስላልሆነ ለመስጠት አልቻልኩም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። እኔን ማሰር ካለባችሁ እሰሩኝ፤ ከዚያ በፊት ግን አጥር በሌለበት ክፍል ከፈንታሁን ጋር ግማሽ ሰዓት እንድቀመጥ ይፈቀድልኝ። እሑድ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶታል። እሱ አሁንም ይጠብቃታል።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነቦልኛል። ያልተናገርኩት አልተጨመረበትም፤ የተናገርኩትም አልቀረም። በየትኛውም ችሎት ቀርቤ ይህንኑ እመሰክራለሁ ስል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሸረፈዲን እንድሪስ

ቃሉ ሲነበብ የነበሩ እማኞች፦
ባይነሽ አስረስ (ፊርማ)
ሙሄዲን አሊ (ፊርማ)

ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ወልደ ሚካኤል ተሰማ (ፊርማ)

ከቃል ተቀባዩ፦ ምስክሩ እስረኛን በክፍል ስለማነጋገር ያቀረበው ጥያቄ ከአደጋው ምርመራ ውጭ ስለሆነ በዚህ መዝገብ ውሳኔ አይሰጥበትም። ለሚመለከተው እንዲቀርብ በተለየ ወረቀት ጽፌ በእጄ ይዣለሁ። ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ።